ትርጓሜው መቼ ይጀመራል?

አምደወርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። "አስተምር ነበር" ስል ራሱ አፌን ይይዘኛል። የሚያስተምረው ፕላዝማው ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፤ ጥያቄ ይጠይቅና መልስ ሳይጠብቅ ያልፋል። መጨረሻ ላይ እንዳስረዳ ብሎ ለእኔ ጥቂት ደቂቃ ይተውልኛል። ምኑን ላስረዳ? ግማሹ ለእኔም አይገባኝም ነበር። ልጆቹ ደግሞ ቤታቸው የአገሩን ቋንቋ ኽምጣናን እየተናገሩ አድገው፣ አማርኛን ራሱ ትምህርት ቤት የለመዱ ናቸው።

አንድ የገበያ ቀን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ አባት መጡ፤ ቄስ ናቸው። ለልጃቸው ሽማግሌ ተልኳል። እሷ ግን "እማራለሁ እንጂ አላገባም" ብላ አልቅሳባቸዋለች።

"እውነት የምትማር ከሆነ ሽማግሌዎቹን እመልሳለሁ" አሉኝ። "እንዲያው ተቀምጣ የምትውል ከሆነ ግን ለምን ዕድሏን እዘጋለሁ? እስቲ ዛሬ ገብቼ ልየው።"

ምን ብዬ እምቢ ልበል? ከኋላ ወንበር አስቀመጥኳቸው።

ፕላዝማው እንደ ልማዱ አንበለበለው። ልጆቹ አፍጥጠው አዩት። ተራዬ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ ጥቂት ቃላት ጻፍኩና "በሉ ድገሙ" አልኩ። ደገሙ። የሳቸው ልጅ ከሁሉም በላይ ጮኻ ደገመች። ከማፈሬ የተነሳ ወደ ኋላ ማየት አቃተኝ።

ሲያልቅ በር ላይ ጠበቁኝ። የሚወርድብኝን ልቀበል ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ደስ ብሏቸዋል።

"አሁን ገባኝ" አሉ። "እኛም ዳዊት ስንማር እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ ንባቡን ነው፤ ግዕዙ ሳይገባን በቃላችን እንይዘዋለን። ትርጓሜውን በኋላ ነው ሌላ መምህር ዘንድ ሄደን የተማርነው። የዚህኛው ትርጓሜ መቼ ይጀመራል? መምህሩስ ማነው?"

መምህሩማ እኔ ነበርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነቱን ብናገር ልጅቷ ለባል ልትሰጥ ነው።

"ይመጣል አባቴ" አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

"በል እንግዲያው ትጠብቀው" አሉና መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሽማግሌዎቹን ሊመልሱ ሄዱ።

በማግስቱ ልጅቷ የፊት ወንበር ይዛ ጠበቀችኝ። ፕላዝማው እንዳበቃ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ትርጓሜው ዛሬ ነው የሚጀመረው?"

ጠመኔውን አነሳሁ። ሰሌዳው ላይ ጥቂት ቃላት ጻፍኩና ፊቴን ሳላዞር "በሉ ድገሙ" አልኩ።