ለወታደሩ የጨመርኩለት ዓይን

አጉል እምነት አልወድም። ሆኖም ካዛንቺስ ባለው ቢሮዬ ጠረጴዛዬን ሦስቴ አዟዙሬ በመጨረሻ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቻለሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ከመስኮቱ ንፋስ ይመታኛል" እላለሁ። ውሸቴን ነው።

ሰባት ዓመቴ ላይ አባቴ የተወለደበት ገጠር ወሰደኝ። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ከግራኝ ዘመን በፊት የተሠራች ናት ይላሉ። ግድግዳዋ ላይ ቅዱሳኑ ሁሉ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ፊት ለፊት ያያሉ። ጌታን የሚገርፈው ወታደር ብቻ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ አንድ ዓይን ነው ያለው። አሳዘነኝ። ሰዓሊው የረሳው መስሎኝ ጆሮው አጠገብ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለተኛ ዓይን ጨመርኩለት፤ ኖራው እስኪቦረቦር ድረስ ተጭኜ።

መሪጌታው ሲያዩ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ልጄ፣ ክፉ ሰው ባንድ ዓይን የሚሳለው እኛን እንዳያየን ነው" አሉኝ ቀስ ብለው። "አሁን ግን ያይሻል።"

ባለፈው ሳምንት ኡራኤል ጋ መንገድ ተዘጋግቶ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ የአጎቴ ልጅ ከዚያው መንደር በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ክረምቱን ጣሪያው አፍስሶ ሥዕሉ ታጥቧል። ቅዱሳኑ የሉም፣ ጅራፉ የለም፣ ወታደሩም የለም። "በቃ ባዶ ግድግዳ ሆነ" ብሎ ጽፎበታል።

ፎቶውን አጎላሁት። ባዶ አይደለም። መሀሉ ላይ አንዲት ሰማያዊ ዓይን ቀርታለች።

ስልኩን ጭኔ ላይ ደፋሁት።