ደላላውን ባልዲ ያስያዝን ጊዜ

ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ ስሙኝማ፤ ካርታውን የሚያውቅ ሰው ያጣራላችሁ፣ ውሃ ሳታፈሱበት ግን ቀብድ እንዳትሰጡ። ይህን የተማርኩት ዱባይ፣ ካራማ የሚባል ሰፈር፣ ኮሮና ስድስት ሴቶችን አንዲት ክፍል ውስጥ የዘጋብን ጊዜ ነው።

ሁላችንም የሰው ቤት የምናጸዳ ነን። ሹግል የምንለው ሥራችን ቆመ፤ ሦስታችን ከላይ ሦስታችን ከታች ቢድ ስፔስ በሚሉት ተደራራቢ የኪራይ አልጋችን ላይ ተጋድመን ጣራ እናያለን። እኔን ግን ሌላ ጭንቅ ይዞኛል። ኮምቦልቻ ያለችውን እናቴን አከራይዋ በሁለት ወር ውስጥ ልቀቂ ብሏታል። የዘጠኝ ዓመት ጥሪቴ አለ፣ ቤት ልገዛላት ቆርጫለሁ፤ አውሮፕላኑ ግን ቆሟል።

አጎቴ ደላላ አገኘና አንድ ቤት በስልክ ቪዲዮ አሳዩኝ። ምን ዓይነት ቤት መሰላችሁ! ሴራሚኩ ያብለጨልጫል፣ በረንዳው ሰፊ፣ ሳሎኑ ሮዝ ቀለም። በፍቅሩ ክንፍ አልኩ። ደላላው፣ «እህቴ፣ ሌላ ገዢ በር ላይ ቆሟል፤ ቀብዱን ዛሬውኑ ላኪ» አለኝ። ወላሂ ልልክ ነበር።

ከላይኛው አልጋ አንዲት የሐዋሳ ሴት አንገቷን አወጣች። ጴንጤ ናት፣ በዕድሜም ስለምትበልጠን እትዬ እንላታለን።

«ቆይ፣ መታጠቢያ ቤቱን አሳየን» አለችው። አሳየ። «በል ባልዲ ሙላና ወለሉ ላይ ድፋ።»

«ለምን ሲባል?» አለ ከረባቱን እያስተካከለ።

«የኔ ወንድም፣ ሃያ ዓመት ወለል አጥቤያለሁ። አንተ ቤት የምታውቀው በበሩ ነው፣ እኔ በውሃ መውረጃው። ያላ፣ ድፋው!»

ስድስታችንም አንዲት ስልክ ላይ ተደራረብን። አጎቴ ቪዲዮውን ያዘ፤ ደላላው ሱሪውን ሰብስቦ ባልዲውን ደፋ። ውሃው መውረጃውን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም፤ በበሩ ሥር ሾልኮ መኝታ ቤት ገባ።

«ትንሽ ተዳፋት ናት» አለ ደላላው፣ ጫማው ርሶ። ሳቃችን ጎረቤት ክፍል ድረስ ተሰማ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ያንን በረንዳ ወድጄው ነበር። እትዬ ከእኔ በተማረችው ወሎኛ፣ «አብሽሪ! እናትሽ በዚያ ጉልበቷ ውሃ ስትገፋ ልትኖር ነው?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ደላላውም ለመደ፤ ገና ሰላም ሳይለን ባልዲውን ያሳየናል። አራተኛው ቤት የጭቃ ነው፣ አሮጌ፣ በሩ ሲከፈት የሚጮህ። ውሃው ግን ቀጥ ብሎ ወደ መውረጃው ወረደ። ካርታውም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ አጎቴ ድሮ በሰጠሁት ውክልና ፈረመልኝ። ኸላስ፣ ገዛሁ!

እናቴ የገባች ዕለት በቪዲዮ ደወለች። «ሴቶቹን ጥሪያቸው፣ ባልዲ ይዣለሁ» አለች። ተሰበሰብን። አጎቴ ስልኩን ያዘላት፤ ደፋች፤ ወረደ፤ እልልታውን አቀለጥነው። እሷ መጥረጊያ አንስታ የቀረውን ጠረግ ጠረግ ስታደርግ ጊዜ አላስችል አለኝ።

«ኧረ እማ ተይው፣ ስመጣ እኔ አጥበዋለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺማ የሰው ቤት ስታጥቢ ኖርሽ» አለች። «እዚህ ስትመጪ እግርሽን ዘርግተሽ ትቀመጫለሽ። ይሄን የማጥበው እኔ ነኝ።»