ኢኖክ ፕላምትሪ ነጭ ካፖርት የለበሰ ለት

...ኬዚያማ ያንን ነጭ ካፖርት ስትፈትግ ስትፈትግ እጇ ተላጠ እልሻለሁ! ለማን ብለሽ? ለባሏ ለኢኖክ ነዋ፣ ለክሪኬተኛው።

ከመንደራችን ኳስ በመወርወር ደሞዝ የበላ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። አብረውት የሚጫወቱት ጌቶች ይከፍሉታል እንጂ አብሯቸው ምሳ አይበላም፤ ሜዳ የሚገባውም በጓሮ በር ነው። እሱ ግን ለኛ ሲያወራ ልዑል ነው የሚመስለው! ኋላ ጉልበቱ ከዳው። የቀረው ወይ ዳኝነት፣ ወይ ድሮ ይሠራበት ወደነበረው ጨለማ ክፍል ተመልሶ ካልሲ መሥራት ሆነ። ካልሲ መሥራት ደግሞ እንደ ሞት ነው የሚጠላው።

ታዲያ የአውራጃው ጌቶች ለዳኝነት ይሆን እንደሆን ሊያዩት መጡልሽ። ጠዋት ኬዚያ ያንን የዳኛ ነጭ ካፖርት እያስለበሰችው፣ "ኢኖክዬ፣ ዛሬ እንኳ አፍህን ያዝ" አለችው።

"ዳኛ ካልተጠየቀ አይፈርድም። አንቺ ክሪኬት ልታስተምሪኝ ነው?"

እስከ ምሳ እንደ ቤተክርስቲያን ምሰሶ ቆመ። እኔም አጥሩ ላይ ተደግፌ 'ጉድ! ሰው ሆነ' ስል፣ አንዱ ጎረምሳ የወረወራት ኳስ ዱላ ይዞ ሊመታት የቆመውን የመንደራችንን ባለርስት አማች ቅልጥም ጧ! አደረገችው። እግሩን ባይደቅን ኖሮ ከኋላው ያሉትን እንጨቶች ትነቅላቸው ነበር፤ ያ ማለት መቺው ከጨዋታ ወጥቷል ነው። ግን ወርዋሪው መጀመሪያ ዳኛውን "እንዴት ነው?" ብሎ መጠየቅ አለበት። ጎረምሳው ገና ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ዕድሜውን ሙሉ ይህንኑ ሲጮህ የኖረው ኢኖክ ሁለት እጁን ሰቅሎ፣

"እንዴት ነው!"

የቄሱ ፈረስ ደነበረ። ኢኖክ ራሱ ደንግጦ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረና "ወጥቷል" አለ።

"ማነው የጠየቀው?" አለ አማችዬው፣ ቅልጥሙን እያሸ።

"እኔ።"

"የፈረደውስ?"

"እሱም... እኔው ነኝ ጌታዬ።"

ጌቶቹ ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ ጋሪያቸው ሄዱ። አንደኛውማ በሳቅ ዓይኑን እየጠረገ ነበር። ዳኝነቱ በዚያው ቀረ። ኬዚያ ከአጥሩ ወዲያ፣ "የወጣኸው አንተ ነህ! ና ውረድ፣ ካልሲው ይጠብቅሃል!" ብላ ጮኸች።

ኢኖክም ጨዋታው እንዳላለቀ ረስቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ከሜዳ ወጣ። ካፖርቱን ሲያወልቅ ደግሞ ከስር ለካ ሸሚዝ አልለበሰም፤ ኬዚያ ካፖርቱን ስትፈትግ ሸሚዙ ሳይታጠብ ቀርቶ ኖሯል!