ማሽላ ጎታ ውስጥ የከረመው ሌንስ

«እትዬ ዘውዲቱ ዓይናቸው ፈዞ ነው እንጂ አዲሱ የካሜራ ሌንሳቸው አቧራ የለበትም» የሚል ወሬ ቆቦ ገበያ ሰማሁ። ሐሰት ነው። ዓይኔ ደህና ነው፤ አቧራውም ከመስታወቱ ውስጥ አለ።

ውድ ዕቃ ነውና ተናድጄ፣ ለደሴው ነጋዴ «አሮጌ ሸጠህልኛል» የሚል ደብዳቤ ጽፌ ዛሬ ጠዋት ለአውቶቡስ ሾፌሩ ሰጠሁ። ነገ ይዞት ይሄዳል።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ዘይነባ መጣች። «እስከ ዛሬ የት አስቀምጠሽው ነበር?»

«ሌባ እንዳያገኘው ማሽላ ጎታ ውስጥ ቀብሬው።»

«ወላሂ፣ ነጋዴው ምን አደረገሽ? የራስሽ ማሽላ ብናኝ ነው!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔም አልቻልኩም፣ ሳቅሁ።

እናንተስ ጎታ ውስጥ ምን ደብቃችሁ አበላሻችሁ? ሳታፍሩ ጻፉልኝ።

ነገ መጀመሪያ፣ አውቶቡሱ ሳይነሳ ደብዳቤውን ከሾፌሩ መልሼ እቀበላለሁ። ቀጥሎ፣ ሳያውቅ በከንቱ ስለጠረጠርኩት፣ ለነጋዴው የይቅርታ ደብዳቤ እልካለሁ። ከዚያ በዚያው ሌንስ ዘይነባን ፎቶ አነሳታለሁ፤ መሳቅ ክልክል ነው።