በፉጨት ኩባያ ላይ የታሰረው ቀይ ክር

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ የሚያውቀው «ፉጨት» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣለት ደረቱ ነው። ደረጃ ሲወጣ የደረቱ ድምፅ ከእሱ ቀድሞ ሦስተኛው ፎቅ ይደርሳል፤ ጎረቤቶችም «መጣ፣ ወንበር አቅርቡለት» ይላሉ። አርባ ዓመት የጥጥ ፍራሽ ሲሠራ ኖሯል። ጥጡን ለደንበኛ፣ ብናኙን ለራሱ ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው። ሐኪሞቹ «ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ» ብለውታል። እሱ ግን «ከዘመዶቼ ሁሉ ጸንቶ አብሮኝ የቆየው እሱ ብቻ ነው» ይላል።

የሥራ ቤቱ ከመኖሪያው ሥር፣ ምድር ቤት ነው። ሴት ልጁ በመስኮቱ በኩል በስፌት መኪና የፍራሹን ጨርቅ ትሰፋለች። እሱ ጥጡን አባዝቶ ይሞላና የጨርቁን አፍ ስንዝር በሚያህል መርፌ ይዘጋል። እኔ ታናሽ እህቱ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ ጥጡ እንዳይንሸራተት የፍራሹን ቁልፎች እተክላለሁ። ያለቀውን ፍራሽ የምትፈትሸው ደግሞ የልጁ ልጅ ናት። አራት ዓመቷ ነው፤ «ዳኛዋ» እንላታለን። ጫማዋን አውልቃ ትዘላለች፣ ከዚያ «ይሂድ» ወይም «ጉብታ አለው» ትላለች። ይግባኝ የለም።

በቤቱ አንድ ደንብ አለ። ለእድሳት የመጣ አሮጌ ፍራሽ ትኋን እንዳለበት ከተጠረጠረ፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ይታሰርበትና ከሌላው ተለይቶ ኮሪደር ላይ ይቆማል። ወንድሜ ክሩን የሚያስረው ባለቤቱ ፊት ነው። በዚህ ነገር ይሉኝታ ብሎ ነገር አያውቅም።

ባለፈው የብርድ ወራት የሳንባ ምች ይዞት አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛ። ከወጣ በኋላ ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ መጣች። የጣቢያው ነርሶች የደረት ሕመምተኛ ያለበትን ቤት ሁሉ እየዞሩ ያዩ ነበር።

«አባባ፣ የሳንባ ምች ክትባት መውሰድ አለብዎት» አለችው።

«እኔ ደህና ነኝ ሲስተር። የታመመው ሳንባዬ ነው፤ እሱን ውጊው።»

እውነቱን ለመናገር መርፌ ይፈራል። ቀኑን ሙሉ የስንዝር መርፌ ጨብጦ የሚውለው ሰው፣ የሐኪም መርፌ ሲያይ በሩን ይፈልጋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱ ግን የምናውቅ አይመስለውም።

ነርሷ ክትባቱን ለጊዜው ተወችውና ከአራታችንም አፍንጫ ናሙና ወሰደች። ጫፉ ለስላሳ የሆነውን ቀጭን ዘንግ ወንድሜ ተቀብሎ በጣቱ አሻሸው። «ይሄ ጥጥ አይደለም፣ ሰው ሠራሽ ነው» አለና መለሰላት። ሌላ ንጹሕ ዘንግ ማውጣት ግድ ሆነባት።

ከሳምንት በኋላ ለልጁ ስልክ ተደወለ። ነርሷ «ከቤታችሁ አንድ ሰው አፍንጫ ውስጥ የሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ ተገኝቷል፤ ዝርዝሩን በስልክ አልነግርሽም፣ ብቅ በሉ» አለቻት። ልጁ «ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ጤና ጣቢያ ለመሄድ ግን ጊዜ አላገኘችም። ይልቅ በዚያው ቀን የአባቷን ኩባያ ለብቻው አስቀመጠች፤ እንዳይቀላቀልም እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። በዚያ ቤት ያደገች ልጅ ሌላ ምን ታውቃለች? ዳኛዋን ደግሞ ወደ ምድር ቤት እንዳትወርድ ከለከለቻት።

ወንድሜ ኩባያውን አንስቶ አገላብጦ አየና አስቀመጠው። ምሳውን ብቻውን በላ። ዳኛዋ ከደረጃው ላይ ሆና ትጮኻለች።

«አባባ፣ ማን ዘለለ?»

«እኔ።»

«ጉብታ አለው?»

«የለውም።»

«ትዋሻለህ። ስትዘል አልሰማሁህም።»

ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሄደ። ያለቁ ፍራሾች ግድግዳውን ተደግፈው ተከማቹ። ደንበኛ ሲመጣ «ገና ዳኛዋ አላየችውም» እያለ ይመልሳል። በዘጠነኛው ቀን መርፌውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ ሰው በገዛ ቤቱ እንዴት ትኋን ይሆናል?»

«ተው ጋሼ» አልኩት።

«ካሰረች አይቀር ጥሩ አድርጋ ማሰር ነበረባት። ቋጠሮው ልል ነው፣ እኔ እንዲህ አላስተማርኳትም።»

በአሥረኛው ቀን፣ ብቅ ያለ ሰው ስለጠፋ፣ ነርሷ ራሷ መጣች። ገና ከመቀመጧ ኩባያውን አየች።

«ይሄ ክር ምንድን ነው?»

ልጁ አስረዳቻት። ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች፤ ሳቋን እየዋጠች መሰለኝ።

«እሳቸው እኮ ነጻ ናቸው። የተገኘው ትንሿ ልጅሽ ላይ ነው።»

የወንድሜ ደረት ብቻ ያፏጫል።

«ልጆች አፍንጫ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይኖራል» አለች ነርሷ። «እሷን ምንም አላደረጋትም። የሚያሰጋው እሳቸውን ነው፤ ሳንባቸው የተጎዳ ስለሆነ ወደ ውስጥ ከገባ ይበረታባቸዋል።»

ወንድሜ ክሩን ከኩባያው ፈታና በጣቱ አንጠልጥሎ ለልጁ አሳያት።

«እና አሁን ማን ላይ ልሰረው? አፍንጫዋ ላይ?»

«አባዬ፣ በቃ ተወው።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ፍራሹን ሳላገላብጥ ክር አስሬ አላውቅም።»

ልጁ አንገቷን ደፋች። ግን የእሱ ልጅ ናት፤ ብዙ አልቆየችም። «እንደዚያ ከሆነ ልጄ ጭራሽ አትቀርብህም። ወይ ትከተባለህ፣ ወይ ፍራሽህን ራስህ ስትዘል ትኖራለህ» አለችው።

ነርሷ ሰው መለየት እንደማያስፈልግ፣ ክትባቱና እጅ መታጠቡ እንደሚበጅ ብትናገርም የሰማት የለም። አባትና ልጅ ተፋጠው ቀሩ።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ተላጭቶ፣ ደህና ኮቱን ለብሶ፣ ለፍርድ እንደሚቀርብ ሰው ከቤት ወጣ። ሁላችንም ተከተልነው። ጤና ጣቢያው ሁለት መንገድ ማዶ ነው፤ እሱ አምስት ጊዜ አረፈ። ሦስቱ ለሳንባው ነው፣ ሁለቱ ግን ለፍርሃቱ ይመስለኛል።

ነርሷ እጅጌውን ሰበሰበችለት። መርፌውን አሳዪኝ አላት።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ትራስ እንኳን አይሰፋም» አለና በዚያው ወደ ኋላ ተዘረጋ። ደግነቱ አልጋው ከኋላው ነበር።

ሲነቃ መጀመሪያ የተኛበትን ፍራሽ በእጁ ዳበሰ። «ስፖንጅ» አለ በንቀት። ቀጥሎ «አለቀ?» ብሎ ጠየቀ።

«ገና ነው አባባ። የቀባሁዎት አልኮል ብቻ ነው።»

ያን ጊዜ ፊቱን ሳየው የሚነሳና የሚሄድ መሰለኝ። እግሩን አውርዶ ጫማውን ይፈልግ ጀመር። በሩ ላይ ዳኛዋ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማለች፤ ንፍጧ ከንፈሯ ደርሷል። አሥር ቀን ሙሉ በቅርብ አላያትም ነበር። እግሩን መልሶ አልጋው ላይ አወጣ።

«ውጊ» አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ነርሷ ወጋችውና ምክሯን አስከተለች። ክትባቱ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ባክቴሪያውን ከቤት አያባርርም፣ ከባድ የሳንባ ምች እንዳይሆንበት ግን ይረዳዋል፤ ጥጥ ሲያባዝት አፉንና አፍንጫውን ይሸፍን። ሁሉንም እሺ አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ለማንም ይህን ያህል እሺ ሲል አልሰማሁም።

ምሳ ላይ ልጁ የአባቷን ወንበር ወደ ገበታው አስጠጋች። ዳኛዋ ወዲያው ጭኑ ላይ ወጣች፤ እዚያ ሆና ፊቷን ወደ ዳቦው አዙራ አስነጠሰች። እናቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይማርሽ» አለ ወንድሜ።

«ያኑርህ» አለችው።

ዳቦውን ቆርሶ በላ፤ ደረቱ እያፏጨ።