ትርሲትን ያሰርሁበት ግዝት

ወረታ ላይ ባልና ሚስት ሲጣሉ "ቄስ እንግዳውን ጥሩ" ይባላል። ቄስ እንግዳው እኔ ነኝ። ከከተማው ዳር፣ የሩዝ ማሳው በሚጀምርበት ባለችው ቤተ ክርስቲያን ሃያ ሦስት ዓመት ቀድሻለሁ፤ በቅዳሴዬ ግን የሚያመሰግነኝ የለም፤ ድምፄ ዲያቆናቱን ሳይቀር ያስቃል። ስሜ የወጣው በእርቅ ነው። እኔ ገብቼበት ሳይታረቅ የቀረ ትዳር የለም እያልሁ ሳወራ ሰው አመነኝ፤ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያመንሁ ግን እኔው ነኝ።

እርቅ ደግሞ በባዶ አፍ አይሆንም። የታረቁ ዕለት በግ ይታረዳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ለነፍስ አባት ከላይ ወንበር ይዘረጋል። እውነቱን ከተናገርሁ አይቀር፣ በጾም የሚጣሉ ሰዎች ያናድዱኝ ነበር። ትንሽ ታግሠው ለፋሲካ ቢጣሉ ምን ነበረበት እላለሁ በሆዴ።

መላዬ አንድ ነው። ባልዮውን "በል ማል" እለዋለሁ፤ ይምላል። ሚስትዮዋን "ቻይው፣ ቤት ያለ ትዕግሥት አይቆምም" እላታለሁ፤ ታለቅሳለች። ለቅሶዋን እሺ እንዳለች እቆጥረዋለሁ። እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየውም ብዬ ሁለቱንም መስቀል አሳልማለሁ። ከዚያ ወደ በጉ እንሄዳለን።

ትርሲት የነፍስ ልጄ ናት። አዛናው ከሚባል የሩዝ መፈልፈያ ካለው ሰው ጋር በቁርባን ያጋባኋት እኔ ነኝ፤ የቁርባን ጋብቻ ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚነካ አይደለም። አዛናው ይመታታል። መጀመሪያ ስትመጣ አስታረቅሁ። ሁለተኛም አስታረቅሁ። ሦስተኛ ጊዜ ከንፈሯ አብጦ መጣች፤ ያን ጊዜ ደከመኝ። ልብ በሉልኝ፣ የተመታች እሷ ናት፣ የደከመኝ ግን እኔን ነው። በሽማግሌዎች ፊት መስቀሌን አውጥቼ፣ "ዳግመኛ ከዚህ ቤት እንዳትወጪ ገዝቼሻለሁ። ብትወጪ ልጄ አይደለሽም፣ ሥጋ ወደሙም አትቀበዪም" አልኋት። በእኛ አገር የነፍስ አባት ያሰረውን ግዝት የሚጥስ የለም፤ ብዙ ሰው ከዱላ ይልቅ ግዝት ይፈራል። አዛናውን ግን አልገዘትሁትም። ለምን ብሎ የጠየቀኝም አልነበረ።

ያን ዕለት የበጉን አንድ ታፋ ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ሚስቴ ሙናዬ ሥጋውን አየችና የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። "ለውሻ ስጠው" አለችና ፊቷን አዞረች። እኔ ሞኙ የፈቃድ ጾም የያዘች መስሎኝ ለብቻዬ በላሁት። ጣፋጭ ነበር።

ትርሲት ግዝቴን አክብራ ዓመት ከሁለት ወር ተቀመጠች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን ግራ ክንዷ ተሰብሮ፣ በነጠላዋ አንጠልጥላው በራችን ላይ ቆመች። "ወጣሁ አባ። ከእንግዲህ ግዝት የጣስሁ ሰው ነኝ" አለች። እኔ ምን አደረግሁ? ስልኬን አውጥቼ የአዛናውን ቁጥር መፈለግ ጀመርሁ። ለአራተኛ እርቅ መሆኑ ነው። ልማድ ክፉ ነው፤ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ነው የሄደ።

ሙናዬ ስልኩን ከእጄ ወስዳ መደቡ ላይ አስቀመጠችው። አልጮኸችም። "ሃያ ሦስት ዓመት የሰው ቤት አቆማለሁ እያልህ ስትወጣ ስትገባ አየሁህ። ይችን መልሰህ የምትልካት ከሆነ እኔም እዚህ ቤት አላድርም" አለች። ነጠላዋን አጣፋች፤ ትርሲትን በደህናው ክንዷ ይዛ በባጃጅ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ክንዷ ከታሰረ በኋላ ሁለቱም ሐሙሲት፣ ወደ ሙናዬ ወንድም ቤት ሄዱ። ተናዳ ነው፣ ነገ ትመጣለች አልሁ። አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም።

የቄስ ነገር እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ቄስ የሚያገባ አንድ ጊዜ ነው። ሁለተኛ ካገባ ክህነቱ ይፈርሳል፣ መቅደስ መግባትም ይቀርበታል። ሙናዬ ካልተመለሰች የሚተርፈኝ ወይ ባዶ ቤት ወይ የመነኩሴ ቆብ ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ "አባ፣ ጣራ ገዳም መቼ ነው የሚገቡ?" እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል አሉ፤ እኔማ ገሉንም አላገኘሁ። ፎገራ ተወልዶ ሩዝ መቀቀል የማይችል ሰው ብትፈልጉ ይኸውና፤ ታቹ ያርራል፣ ላዩ ጥሬ ይሆናል። ያም ሆኖ ከረኀቡ ይልቅ የቤቱ ጭርታ ባሰብኝ። ናፈቀችኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ይህን ጥምጥም ጠምጥሜ፣ ሚስቴ ናፈቀችኝ ማለት ያሳፍራል፤ ግን ናፈቀችኝ።

ራሴ እንዳልሄድ ኩራቴ ያዘኝ። ሽማግሌ ላክሁ። የመረጥሁትም ባየህን ነው፤ ከሚስቱ ጋር ሁለት ጊዜ ያስታረቅሁት ሰው ነውና አነጋገሩን ከእኔ ተምሯል። ማምሻውን አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

"ምን አልሃት?" አልሁት።

"ቤት ያለ ትዕግሥት አይቆምም አልኋት።"

"እሷስ?"

"ይህን ቃል አውቀዋለሁ፣ የባሌ ነው፤ ቃሉን ልኮ እሱ የት ቀረ? አለችኝ። ደግሞ ሚስትህ እንደምን ናት አለችኝ። ደህና ናት ብላት፣ ጠይቀሃት ነው ወይስ በግምት? አለች። ይኸው መንገዱን ሙሉ እሱን ሳስብ መጣሁ፣ አባ።"

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይላሉ። እኔንም አወቅህ አወቅህ ቢሉኝ ስንቷን ሴት ወደ ዱላ መልሼ ኖሯል ብዬ ያን ጊዜ ትንሽ ደነገጥሁ። ትንሽ ነው የምላችሁ። ሙሉ በሙሉ የደነገጥሁት አዛናው የመጣ ዕለት ነው።

አዛናው የክት ልብሱን ለብሶ፣ የሰባ ሙክት እየጎተተ መጣ። ሊያለቅስ፣ ንስሐ ሊገባ መስሎኝ ወንበር አቀረብሁለት።

"ሌላ ላገባ ነው፣ አባ" አለኝ።

"እንዴት ተብሎ? በቁርባን ነው እኮ ያገባህ።"

"እኔ መቼ አፈረስሁ? እርስዎ ገዘቷት፣ እሷ ግዝትዎን ረግጣ ወጣች። ጥፋተኛዋ እሷ ናት። እንግዲህ እኔ ነጻ ነኝ። ይህንኑ ለደብሩ አለቃ እንዲመሰክሩልኝ ብዬ ነው የመጣሁ።"

እሷን ያሰርሁበት ግዝት ለእሱ መውጫ በር ሆኖለታል። ክንድ የሰበረው ሰው ንጹሕ፣ ክንዷ የተሰበረው ጥፋተኛ፤ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ያውም መስቀል ይዤ። ጌታ የፍቺን ነገር ያጠበቀው ወንዱ ሚስቱን እንዳሻው አውጥቶ እንዳይጥላት ነው ብለው መምህሬ አስተምረውኛል። ነገሩ ለነፍስ የሚያሰጋ ሲሆን መለየት እንደሚቻልም ተምሬያለሁ፤ በተማሪነቴ በቃሌ ይዤዋለሁ። ያችን ክፍል ግን አንድም ቀን ለአንዲት ሴት ነግሬ አላውቅም። ብነግራቸው እርቁ ይቀራል፤ እርቁ ከቀረ ስሜ ይቀራል።

"ሙክትህን ይዘህ ሂድ" አልሁት። "ትዳሩን ያፈረስኸው አንተ ነህ። ከጠየቁኝ የምመሰክረው ይህንን ነው። አንተም ንስሐ ሳትገባ እኔ ዘንድ የሠርግ ነገር እንዳታነሣ።" ይህን ያልሁት ወንበሩን በመካከላችን አድርጌ ነው፤ አዛናው ግዙፍ ሰው ነው። እየተሳደበ ወጣ። ሙክቱ በአጥሩ ሲያልፍ በዓይኔ ተከተልሁት፤ አልዋሽም።

ቅዳሜ በሚኒባስ ሐሙሲት ወረድሁ። ደጁ ላይ ስደርስ ሙናዬ የትርሲትን ፀጉር እየሠራችላት ነበር፤ በአንድ እጅ ፀጉር አይሠራ። ትርሲት እኔን ስታይ ልትነሣ አለች፤ ሙናዬ ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት።

"ልትወስደኝ ነው የመጣህ?" አለችኝ።

መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋኝ። "መጀመሪያ ወደ ትርሲት ነው የመጣሁ" አልሁ።

መስቀሌን አወጣሁ። "ልጄ፣ የገዘትሁሽ ያላግባብ ነው። የበደልሁሽ እኔ ነኝ። ያሰርሁትን ፈትቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ። ከቤተ ክርስቲያን የሚከለክልሽ የለም። የገዘትሁሽ በሰው ፊት ነውና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ። ይቅር በይኝ።"

መስቀሉን ተሳለመች። አሁን ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሰችም።

"አባ፣ ሦስት ጊዜ እርስዎ ዘንድ ስመጣ ለምን የመጣሁ መስሎዎት ነበር?"

"እንዳስታርቅሽ ነዋ።"

"አይደለም። ሂጂ፣ እግዚአብሔር አይቆጣሽም እንዲሉኝ ነበር የመጣሁ። ከእርስዎ በቀር ይህን ሊለኝ የሚችል ሰው አልነበረኝም። ሦስቱንም ጊዜ በጉ የት አለ ተባለ እንጂ፣ ምን ፈልገሽ መጣሽ ያለኝ የለም።"

ደጁ ላይ ባለች ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሙናዬ ሹሩባውን መሥራቷን ቀጠለች። "ክንዷ እስኪድን ከዚህ አልነቃነቅም። አንተ ሂድ፣ ሚኒባሱ ያመልጥሃል" አለችኝ።

ለመሄድ ተነሣሁ። እስከ አጥሩ በር ሄጄ ተመለስሁ።

"ሙናዬ፣ አንቺስ ምን ፈልገሽ ነበር?" አልኋት።

እጇ ፀጉሩ ላይ ቆመ። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ ከተጋባንበት ዓመት ነው የጀመረችው። የመጨረሻው ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፍቶ ሲያልፍ ሰማሁት፤ እሷ ገና ሁለተኛው ዓመት ላይ ነበረች።