መስታወት ቆራጩና ሁለተኛው ስንኝ

አውቶቡሳችን ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። ከፊት አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶታል፤ ሾፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ ጋዜጣውን ዘረጋ። እኔ ደግሞ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ዝም ካለ ያመኛል። ከጎኔ ያሉት ሰውዬ ጥቁር የጊታር ቦርሳ በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ የመስኮቱን መስታወት በጥፍራቸው ኳ ኳ ያደርጋሉ።

«ጋሼ!» አለ ረዳቱ ከበሩ፣ «ሙሽራዋን እቅፍ ያድርጓትና ለሰው መቆሚያ ይልቀቁ እንጂ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ቦርሳውን አንስተው ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

«ሙዚቀኛ ነዎት?» አልኳቸው።

«መስታወት ቆራጭ ነኝ» አሉ። «ጊታሩን ገና እየተማርኩ ነው። ብሉዝ የሚሉትን የጥቁር አሜሪካኖች የብሶት ዘፈን» ብለው ጨመሩ።

ስልሳን የተጠጉ ሰው ናቸው። «እንዴት ደስ ይላል!» አልኩ፣ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

«ደስ ይላል?» አሉ። ነገር መፈለጋቸው አልነበረም፤ የምር መልሱን ለማወቅ ነው የጠየቁኝ።

የኩሽናዬ መስኮት ተሰንጥቆ ከርሞ ስለነበር የሱቃቸውን አድራሻ ተቀብዬ ወረድኩ። በሳምንቱ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር መስኮቱ ሰበብ ነው፣ የጎተተኝ ወሬው ነው።

ሱቃቸው በጎማ ጠጋኝና በፎቶ ቤት መሃል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። መስታወቶቹ ካርቶን በየመሃላቸው ገብቶላቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰፊው ጠረጴዛ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ያለችውን አንድ ወንበር የያዘው ጊታሩ ነው፤ ባለቤቱ ቆመው ይሠራሉ። ለእኔ ሲሉ ጊታሩን አስነሱልኝ።

ሚስታቸው ያረፉት አምና ነው። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ ተማሪዎቹ «ማስተር» የሚሉት የጊታር መምህር ለማስተማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ትልቅ መስታወት አዘዛቸው።

«ሰቅዬ ስጨርስ ጊታር እጄ ላይ አኖረና ‹እስቲ ይንኩት ጋሼ› አለኝ። ነካሁት።»

«ወደዱት?»

«አይ። እሁድ ከሰዓት መሄጃ አልነበረኝም።»

ጀማሪን ሁሉ የሚያስመርረው የግራ እጅ ጣት ነው አሉ፤ ክሩ ጫፍ ጫፉን ይልጠዋል። እሳቸውን ግን ምንም አላላቸውም። ዕድሜ ልኩን መስታወት የጨበጠ ጣት የጫማ ሶል ሆኗል። ማስተርም «እርስዎማ ተዘጋጅተው ነው የመጡት» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው የመጣው። በብሉዝ አንድ ስንኝ ይባላል፣ ያው ስንኝ ይደገማል፣ ከዚያ በሦስተኛው መልሱ ይሰጣል። ጊታሩም የሚከተለው ይህንኑ ነው። እሳቸው የመጀመሪያውን አጥርተው ይመቱና በቀጥታ ወደ መልሱ ያልፋሉ።

«ይድገሙት እንጂ ጋሼ!» ይላል ማስተር።

«መታሁት እኮ።»

«አዎ መቱት። አሁን ይድገሙት።»

«ምን ጎደለው?»

«ምንም! ሰው ሲከፋው አንዴ ብቻ ተናግሮ ይተዋል እንዴ?»

«እኔ እተዋለሁ» ይላሉ። የክፍሉ ተማሪዎች በሳቅ ይፈርሳሉ።

ነገሩ የገባኝ የእኔን መስታወት ሲቆርጡ ቆሜ ሳይ ነው። ማስመሪያውን አስተካከሉ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ መቁረጫዋን ከላይ እስከ ታች አንዴ አስኬዷት። ጭረቱ ጫፉ ላይ የሳሳ መሰለኝና፣ ምላሴ አላርፍ ብሎ፣ «እዚህ ጋ አንዴ ቢደግሙበትስ?» አልኳቸው።

ዘመዳቸውን የሰደብኩ ይመስል ቀና ብለው አዩኝ። «ሁለተኛ አይኬድበትም። ከደገምሽበት በፈለገው በኩል ነው የሚሰነጠቅልሽ። አንዴ ትሄጂበታለሽ፣ ከዚያ እጅሽን ታነሺያለሽ።» ከሥር መታ መታ አደረጉት። ቀጥ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

ቤታቸውም ውስጥ የኖሩት እንዲሁ ኖሯል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፣ ሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እናቷ ስታርፍ አልደረሰችም። ከቀብሩ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ ኩሽና ውስጥ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አባዬ፣ የዚያን ጠዋት ነገር ንገረኝ።»

«በስልክ ነገርኩሽ እኮ። ሻይ ጠጥታ አረፈች።»

«እሱን ሰምቻለሁ። ድገምልኝ።»

«ያው ነው ልጄ።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሲደውሉላት «ሥራ ላይ ነኝ» ትላቸዋለች፤ በኋላ ማንሳቱንም ተወችው። «ለእናቴ ጠብታ እንባ ካላፈሰሰ ሰው ጋር ምን አወራለሁ» ማለቷን አክስቷ መጥታ ነገረቻቸው።

«አልከፋዎትም?» አልኩ።

«ሊከፋኝ እንደሚገባ አውቃለሁ» አሉ፣ መቁረጫቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ልጄን ላጣት እንደሆነም አውቃለሁ። ማወቁን አውቃለሁ። እዚህ ጋ ግን» ብለው ደረታቸውን ነካ አደረጉ፣ «ጥጥ የተጠቀጠቀበት ነው።»

ማስተር ይድገሙት ሲል፣ እሳቸው መታሁት ሲሉ ወራት አለፉ። አንድ እሁድ፣ ከእልህም ይሁን ከመሰልቸት፣ ደገሙት።

«እንዴት ነበር?»

«ምንም አልተሰበረም። ሁለተኛው ላይ ጣቴ ትንሽ ዘገየችብኝ። ማስተር ‹እሱ ነው! እሱ ነው!› ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ይቅርታ ጠየቅኩት።»

እኔ በሳቅ ሞትኩ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ከትምህርቱ እንደወጡ በቀጥታ አክስትየዋ ቤት ሄዱ፤ የሷ ስልክ ከሆነ ልጅቷ ታነሳለች። አነሳች። «ያን ጠዋት ልድገምልሽ?» አሏት። ስልኩን አልዘጋችውም።

«ሻይ ጠጥታ አረፈች አልኳት። ያንኑ ደገምኩላት። ስደግመው ስኳሩ መጣ።»

«የምን ስኳር?»

«ሻዩ ስኳር አንሶታል አለችኝ እናቷ። ላመጣ ወደ ጓዳ ገባሁ። የስኳር ጣሳው ክዳን ጠብቆ እምቢ አለኝ፣ ስታገል ቆየሁ። በመጨረሻ በማንኪያ ፈለቀቅኩት። ስመለስ አልነበረችም። ይኼን ለማንም ብዬው አላውቅ፣ ለራሴም። ልጄ ስልኩ ላይ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ስትጨርስ ‹እንደገና› አለችኝ። እንደገና ነገርኳት።»

«እርስዎስ፣ አለቀሱ?»

«አላለቀስኩም። ክዳኑን ነበር የማስበው።» መስታወቴን በካርቶን ጠቅልለው በሲባጎ ማሰር ጀመሩ። «በዚህ እሁድ እመጣለሁ ብላለች።»

«እሰይ! ታዲያ ይኼን እስካሁን ይዘው ነው ዝም የሚሉኝ?» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። እጃቸው ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ ጨበጥ እንኳ አላደረገኝም። ጥቅሉን ይዘው እስከ ደጃፉ ሸኙኝና፣ ሊያቀብሉኝ ሲሉ መለስ አደረጉት።

«እህቴ፣» አሉኝ፣ «ልጄ ‹አባቴ ልቡ ተከፈተ› ብላ ነው የምትመጣው። እኔ ደግሞ ድገም ስላሉኝ ነው የደገምኩት። ይኼን ልንገራት፣ ወይስ ልተወው?»